ማታ ማታ ጣፋጭ የሚያምራችሁ ሰዎች፦ ካሎሪው ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ሆድ የሚሞላ ምን ትሠራላችሁ?

የማታ_ሺፍት፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ክብደት እየቀነስኩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አልልም ምሳዬንም እራቴንም በልክ እበላለሁ፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ከሥራ የምገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው ልጆቹ ተኝተዋል ባልየው ተኝቷል ከዛ እጄ በራሱ ጊዜ ካቢኔቱን ይከፍታል። ብስኩት፣ የልጆቹ አይስክሬም፣ እሱ ከሌለ ዳቦ በማር። "ውሃ ጠጪ" "ጥርስሽን ፍቂና ተኚ" የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፣ እኔ ላይ አልሠራም፣ እባካችሁ እሱን አትድገሙልኝ። የምፈልገው ጣፋጭ የሚባል ጣፋጭ ነው፣ ግን ከ200 ካሎሪ ብዙ የማያልፍ፣ ፕሮቲን ያለው፣ በልቼው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ፍሪጅ በር ላይ የማልቆምበት። ቪዲዮዎቹ ላይ ያለው ሁሉ ኮቴጅ ቺዝና ፕሮቲን ፓውደር ነው፣ ኮቴጅ ቺዙን ደግሞ እንደዛው ልበላው ብል ጉሮሮዬ አልቀበልም አለ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ ስለዚህ የጾምም ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ። ዋና ምግብ ላይም ሐሳብ ካለ ደስ ይለኛል፣ እንጀራ ግን አልተውም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ጋሽ_ቆፍጣና፦
እህቴ አትቀየሚኝና ይሄ ዲዘርት የሚባል ነገር ከየት የመጣ አመል ነው? እኛ ቤት ምግብ ሲያልቅ ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ አለቀ። ማንም አልወፈረም።

የማታ_ሺፍት፦
ጋሼ ቡና እኩለ ሌሊት ጠጥቼ መቼ ልተኛ ነው ሃሃሃ

ኩሽና_ነኝ፦
ቆሎውማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው ጋሼ፣ 100 ግራም የገብስ ቆሎ ወደ 350 ካሎሪ ነው፣ ለውዝ ከገባበት ደግሞ ለውዙ ብቻውን በ100 ግራም ወደ 570 ይጠጋል፣ ቆሎ ቆጥሮ የሚበላ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ኮቴጅ ቺዝ እያልሽ የምትቸገሪው አይብ እያለልሽ ነው። አይብ ከምን ይሠራል? እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ። ቅቤው ወጣ ማለት ስቡ ሄደ ማለት ነው እኮ። በወጉ ከተናጠ አሬራ የወጣ አይብ ከ100 ግራሙ 80 ገደማው ውሃ ነው፣ ፕሮቲኑ 14 ወይ 15 ግራም፣ ስቡ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ሲሰላ ካሎሪው 90 አካባቢ ነው። ሱቅ ውስጥ "ላይት" ተብሎ በሚያምር ዕቃ የሚሸጠውን ገልብጠሽ ብታነቢ ከዚህ ብዙም አይሻልም። እኛ ግን አይብን ከክትፎ ጎን ካልሆነ አናውቀውም፣ እሱንም ቅቤ አፍስሰንበት።

እኔ የማደርገው፦ 170 ግራም ለጋ አይብ (የኮመጠጠ አይሆንም፣ ጨውና ኮሰረት የገባበትም አይሆንም)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅባት የሌለው ወተት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቫኒላ፣ ቀረፋ ቆንጠር አድርጌ ብሌንደር ውስጥ እስኪለሰልስ አዞረዋለሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ አይብ መጀመሪያ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ነው እንደ ክሬም የሚሆነው። ከዛ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ላዩ ላይ እንጆሪ ወይ ፓፓያ። ሁሉ ተደምሮ 200 ካሎሪ አካባቢ ነው ፕሮቲኑ 25 ግራም ይደርሳል። ለባለቤቴ ሳልነግረው ሰጥቼው ቺዝኬክ ነው ብሎ በላ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት፦
አይቡ ላይ እስማማለሁ ግን አሜሪካ ላለን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አብዛኛው ሰው አይብ የሚሠራው ሙሉ ወተት ገዝቶ ሎሚ ወይ አቼቶ ጨምሮ ነው፣ ያ ቅቤው አልወጣለትም፣ ስቡ በሙሉ አይቡ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጥሩ ነው ይጣፍጣል ግን ኩሽና ነኝ ያለችው ቁጥር ለሱ አይሠራም። ሪኮታ ገዝቶ አይብ ነው የሚልም አለ እሱም እንደዛው። ግሮሰሪ የሚሸጠውን 1 ፐርሰንት ቅባት ያለው በተርሚልክ (አሬራ መሰሉን የኮመጠጠ ወተት) ግዙ፣ ድስት ውስጥ በትንሽ እሳት፣ ሳታፈሉት፣ እስኪለያይ ጠብቁ፣ አውርዳችሁ ይቀዝቀዝ፣ በሻሽ አጥልሉት። ከግማሽ ጋሎን 300 ግራም አካባቢ ይወጣል። እሳቱን ካበዛችሁ አይቡ ጎማ ይሆናል በብሌንደርም አይድንም።

ብረት_ገፊ፦
አጓቱንስ ምን ታደርጉታላችሁ? 😀 ዌይ ፕሮቲን ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው እኮ ከአጓት ነው የሚወጣው፣ ተጣርቶ ደርቆ። እዚህ አዲስ አበባ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ኦሪጅናሉን ከፌኩ መለየትም ሌላ ሥራ ነው።

ጋሽ_ቆፍጣና፦
እናቴ ለጥጃ ትሰጠው የነበረውን አጓት በዶላር ትገዛላችሁ ማለት ነው። ጉድ በል ጎንደር።

ማሽን_ያላት፦
ኒንጃ ክሪሚ (አይስክሬም መሥሪያ ማሽኑ) ያላችሁ እጅ አውጡ። እህቴ የማታ ሺፍት፣ አንቺ የአይስክሬም ሰው ከሆንሽ ይሄን ማሽን ካላወቅሽ ምንም አላወቅሽም። አንድ ኩባያ የፌርላይፍ ስኪም ወተት (80 ካሎሪ፣ 13 ግራም ፕሮቲን፣ ስለሚጣራ ነው ፕሮቲኑ የበዛው) ከአንድ ስኩፕ ፕሮቲን ጋር (120 ገደማ፣ 24 ግራም) መትተሽ ፍሪዘር ውስጥ 24 ሰዓት ታስቀምጪዋለሽ ከዛ "ላይት አይስክሬም" የሚለውን ትጫኛለሽ። መጀመሪያ ሲወጣ ዱቄት ዱቄት ይመስላል፣ አትደንግጪ፣ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምረሽ "ሪስፒን" በይው ከዛ ክሬም ሆኖ ይመጣል። 200 ካሎሪ፣ 37 ግራም ፕሮቲን፣ ሙሉውን ዕቃ ብቻሽን። ሱቅ ያለው ክሬሙ የበዛ አይስክሬም በዚህ ዕቃ ሙሉ 1000 ካሎሪ ሊጠጋ ይችላል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም (ማወፈሪያ ዱቄት ነው) ብትጨምሪበት በረዶ አይዝም። ኬዚን (ሌላው የወተት ፕሮቲን) ያለበት ፓውደር ከዌይ ብቻው ይሻላል፣ ይወፍራል።

የማታ_ሺፍት፦
37 ግራም??? ማሽኑ ግን ስንት ነው፣ ባሌ ኩሽና ውስጥ ሌላ ማሽን ካየ ቤቱን ጥሎ ይወጣል

ማሽን_ያላት፦
ርካሽ አይደለም እውነቱን ለመናገር፣ ድምፁም ልጆቹን ይቀሰቅስብሻል፣ እኩለ ሌሊት አይሆንም። ያለማሽን ከፈለግሽ 150 ግራም ፍሮዝን እንጆሪ ከ170 ግራም ዜሮ ፐርሰንት የግሪክ እርጎ ጋር ብሌንደር ውስጥ። ፋዬ የሚባለው እርጎ 90 ካሎሪና 18 ግራም ፕሮቲን ነው፣ እንጆሪው 50 ካሎሪ፣ 140 ላይ ተዘጋ። ወዲያው ነው የሚበላው መልሰሽ ካቀዘቀዝሽው ድንጋይ ነው።

ነርስ_ነኝ፦
ለምን እንደሚያጠግብ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ሰው ፕሮቲን ስንል የጂም ልጆች ነገር ብቻ ይመስለዋል። ፕሮቲን ረሃብ ያስታግሳል፣ ሰውነት ለመፍጨት ራሱ ከፕሮቲኑ ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ያወጣል፣ ለካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10፣ ለስብ ግን ከ3 አይበልጥም። ክብደት ስትቀንሱ ደግሞ የሚሄደው ስብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ ፕሮቲንና ትንሽ ክብደት ማንሳት እሱን ይይዛሉ።

ሁለተኛው ነገር ብዛት ነው። ሆድ ካሎሪ አይቆጥርም የሚይዘውን መጠን ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ውሃና ፋይበር ያለው ምግብ ያሸንፋል። በ1995 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 38 ምግቦችን በእኩል 240 ካሎሪ ለሰው አብልተው ለሁለት ሰዓት ጥጋቡን ለኩ፣ ነጭ ዳቦን 100 ብለው። አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? ሥጋ አይደለም፣ እንቁላል አይደለም፣ ቅቅል ድንች፣ 323። ክሮሳንት መጨረሻ፣ 47። ዓሣም ከላይ ነበር። እና መንገድ ዳር ያለው ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የሚናቅ አይደለም፣ 100 ግራሙ 87 ካሎሪ ነው። ቺፕስ ሲሆን ነው የሚበላሸው።

ልኩን ለሚጠይቅ፣ በቀን በኪሎ 0.8 ግራም ዝቅተኛው ነው፣ ክብደት ለሚቀንስ ከ1.2 እስከ 1.6 ብዙ ጊዜ ይመከራል። ኩላሊት ያለባችሁ ግን እባካችሁ ከሐኪማችሁ ሳትነጋገሩ ፕሮቲን አትጨምሩ፣ ኢንሱሊን የምትወስዱም ምግባችሁን በአንዴ ስትቀይሩ ስኳራችሁ ሊወርድ ስለሚችል መድኃኒቱ መስተካከል አለበት።

ብረት_ገፊ፦
ድንች ዳይት ነው በሉና ጨርሱን 😂 ለዓመታት ድንች የሸሸሁት በነጻ ነው ማለት ነው

ከሪያድ፦
ሰላም እህቶች። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ማሽን ምናምን የለም፣ ብሌንደሩም የማዳም ነው። ቤቱ ውስጥ ሁሌ ያለው ሩዝ ነው፣ ሩዝ በዶሮ፣ ሩዝ በሥጋ፣ እራት የሚቀርበው ደግሞ ሌሊት ነው፣ ከመጣሁ ወዲህ ወፈርኩ። አሁን የማደርገው ሩዙን ሦስት ማንኪያ ወስጄ ዶሮውን ቆዳውን ገፍፌ አበዛለሁ፣ ከሌለ በውሃ የታሸገ ቱና። ጣፋጭ ሲያምረኝ ደግሞ ቅባቱ የተቀነሰ ላባን (የዓረቦቹ እርጎ) ውስጥ አንድ ቴምር ከትፌ ሄል ነስንሼ በማንኪያ እበላለሁ። ላብነህ (ተጣርቶ የወፈረው) ግን ስቡ ብዙ ነው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ እኔም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ጥያቄ አለኝ፣ ጄሎ ካሎሪ የለውም ይላሉ እውነት ነው?

ነርስ_ነኝ፦
የኔ እናት በርቺ። ስኳር የሌለው ጄሎ እውነት ነው አንዱ ሳህን 10 ካሎሪ አካባቢ ነው። ግን ሁለት ነገር፣ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ያለሽበት አገር የሚሸጠው የአሳማ አይደለም፣ አሜሪካ ያሉት ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጀርባውን ያንብብ። ሌላው ጄላቲን ፕሮቲን ቢሆንም ጎደሎ ነው፣ ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አንዱ) ጭራሽ የለውም፣ ስለዚህ ከላባኑ ጋር እንጂ በላባኑ ፋንታ አይሁን።

ናታንያ፦
እኛ እስራኤል ያለን ሰዎች የወተት ነገር ሞልቶናል፣ 20 እና 25 ግራም ፕሮቲን ያለው እርጎ ሱፐር ሁሉ አለ፣ ኮቴጅ ደግሞ እዚህ እንደ ዳቦ ነው፣ በ2011 ዋጋው ጨመረ ብሎ አገሩ በሙሉ አልገዛም ብሎ አድሞ ነበር፣ ከዛ አስቡት። ችግራችን ሌላ ነው። በሃይማኖታችን ሥጋ በልተን ወተት አንበላም፣ እኛ ቤት በመሐሉ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው የሚጠበቀው። ማታ ዶሮ ወጥ ከተበላ አይቡም እርጎውም ክሪሚውም በሩ ተዘጋ። ስለዚህ የኔ ጣፋጭ የእንቁላል ነጭ ነው፣ እንቁላል ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። የ4 እንቁላል ነጭ 70 ካሎሪ አይሞላም ፕሮቲኑ 14 ግራም ነው። በደንብ ትመቺዋለሽ እስኪቆም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሎሚ ትጨምሪያለሽ፣ የተቆራረጠ ፖም ወይ እንጆሪ ላይ ከምረሽ ኦቨን ውስጥ ላዩ ቡናማ እስኪሆን። ሲያዩት ተራራ ነው፣ ሲቆጠር ምንም የለም። አስኳሉን ልጆቹ ጠዋት ይበሉታል።

ጎጃሜው፦
ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ፕሮቲን ሲያወራ ግብጦ የሚል እንዴት ጠፋ? ተቀቅሎ 100 ግራሙ 119 ካሎሪ ነው ፕሮቲኑ ከ15 ግራም በላይ፣ ምስር 9 ነው ስንት ነው፣ ሽምብራም እንደዛው። የጾም ነው። ቆሎውን ትተሽ እሱን ቆርጥሚ፣ ጣቶችሽ ልጣጩን ሲልጡ ስለሚውሉ ፍጥነትሽም ይቀንሳል።

ኩሽና_ነኝ፦
ግብጦ ልክ ነህ! ግን መራራነቱን ማስወጣቱን ንገራቸው እንጂ

ጎጃሜው፦
እሺ። ጥሬውን እንዳይሞክር ማንም፣ መራራው መርዝነት ያለው ነገር ነው። ይታመሳል ወይ ይቀቀላል፣ ከዛ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፣ የሚፈስ ወንዝ ያለው ሰው ደግሞ በከረጢት አስሮ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ቀምሰህ መራራው እስኪጠፋ ድረስ አይበላም። ውጭ አገር የዓረብና የጣልያን ሱቆች የታከመውን በጠርሙስ ይሸጡታል፣ ጨው ስለሚበዛው እጠቡት። ለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ግብጦም ሊያስነሳበት ይችላል፣ ይጠንቀቅ።

የማታ_ሺፍት፦
ግብጦ ጣፋጭ ነው ካላችሁኝ እንጣላለን 😅 ለረቡዕና ዓርብ ጣፋጭ የሚባል የለም?

ጾመኛዋ፦
አለ። ሲልከን ቶፉ የሚባለውን ለስላሳውን (ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው) ግዢ፣ 350 ግራም አካባቢ ነው አንዱ ፓኬት፣ ሙሉው 200 ካሎሪ ገደማ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 3 የተዘፈዘፈ ትልቅ ቴምር፣ ቫኒላ፣ ጨው ቆንጠር፣ ብሌንደር ውስጥ ድምጥማጡ እስኪጠፋ። አሳድሪው። ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ለአንድ ሰው 150 ካሎሪና 8 ግራም ፕሮቲን አካባቢ ነው፣ እንደ አይብ አይበዛም እውነቱን ለመናገር ግን የጾም ነው ምን ይደረግ። ቶፉ ከሌለ የተቀቀለ ሽምብራ ልጣጩን ገፍፈሽ ከካካዎና ከትንሽ የለውዝ ቅቤ ጋር ፍጪው፣ የለውዝ ቅቤው ላይ እጅሽ እንዳይበዛ። ተልባም ጥሩ ነው፣ ተወቅጦ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ እየወፈረ ሆድ ይይዛል ግን አንዱ የሾርባ ማንኪያ 37 ካሎሪ ነው፣ ሰው ተልባ ውሃ ነው ብሎ ብርጭቆ ሙሉ ይጠጣል።

ለእራት ደግሞ የሽምብራ ዓሣ። ሊጡን ቆርጠሽ በዘይት በመጥበስ ፋንታ ኤር ፍራየር ወይ ኦቨን ውስጥ፣ ቁሌቱ ላይ ዘይት ቀንሰሽ። የእውነተኛውን ዓሣ ክርክር ግን እዚህ አትጀምሩብኝ፣ ባለፈው አንድ ሳምንት ሙሉ ነው የተሰዳደባችሁት።

ወጥ_ሠሪ፦
ዋና ምግቡን ማንም አልነካውም እኔ ልንካው፣ ምክንያቱም ጣፋጩን 200 ካሎሪ አድርጋችሁ ወጡ ላይ ጭልፋ ዘይት ከደፋችሁ ምን ዋጋ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። መካከለኛ ጭልፋ አራት ማንኪያ ይይዛል፣ 480። ስንት ጭልፋ እንደምታደርጉ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ላዩ ላይ "ዘይቱ ብቅ ሲል በሰለ" ተብለን ነው ያደግነው እኮ።

ደስ የሚለው የእኛ ወጥ ለዳይት የተመቸ ነው፣ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ሌላው ዓለም ዘይት አግሎ ነው የሚጀምረው፣ እኛ ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ እናበስላለን፣ ሲደርቅ ጠብ ጠብ እያደረግን ውሃ። እዛው ላይ ጊዜ ስጡት፣ በርበሬውንም በውሃ አቁላሉት፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ለድስቱ በሙሉ ሁለት ማንኪያ። ወይም ቅቤውን ለሽታ ብቻ፣ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ከላይ፣ መዓዛው ሁሉን ይሸፍናል። ሽሮም እንደዛው፣ ሽሮ ራሱ ምን አለው፣ 30 ግራም ዱቄት 110 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን ነው ሳህን ሙሉ ሽሮ ይወጣዋል። የሽሮ ጠላቱ ዘይቱ ነው።

ክትፎ ለሚወድ፣ 150 ግራም 93 ፐርሰንት ቀይ የሆነ የተፈጨ ሥጋ 230 ካሎሪ አካባቢና 31 ግራም ፕሮቲን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ በደንብ አብስሉት፣ ጎኑ 80 ግራም አይብና የፈለጋችሁትን ያህል ጎመን። ጎመን 100 ግራሙ 33 ካሎሪ ነው፣ ተራራ አድርጉት። ሁሉም ተደምሮ 400 አይሞላም ፕሮቲኑ 45 ግራም ይጠጋል፣ ይሄን ማንም የጂም ልጅ በሳጥን ይዞት ከሚዞረው ደረቅ የዶሮ ደረት ጋር አወዳድሩት።

እንጀራውን አልተውም ላልሽው፣ አትተዪው፣ ግማሽ አድርጊው፣ ትሪ ላይ አትብዪ። ትሪ ላይ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻውም አለ፣ መጨረሻ ላይ ወጡ የጠጣው ከሥር ያለው እንጀራ አለ፣ እሱ ነው ዋናው ዘይት ያለበት እሱ ነው ደግሞ የሚጣፍጠው። በሳህን ለብቻ፣ ወጡ በጎድጓዳ ሳህን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት፦
አማቴ ጋ ሄጄ ግማሽ እንጀራ በሳህን ለብቻዬ ልበላ? አንተ ሠርግ ላይ ትሪ የተውክ ቀን ንገረኝ

ወጥ_ሠሪ፦
አማት ጋ ሕጉ አይሠራም፣ እሱን ቀን በሌላ ቀን አካክሺው

ምሬት፦
ሁላችሁም ስኳሩን በምን እንደምትተኩ አልተናገራችሁም። ስቲቪያ፣ ሱክራሎስ ምናምን ጤና ያበላሻል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አትጠቀሙ ብሏል።

ነርስ_ነኝ፦
ያለውን በትክክል እንበለው። በግንቦት 2023 በፈረንጆቹ ያወጣው ምክር ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ ስኳር አልባ ማጣፈጫ አትጠቀሙ የሚል ነው፣ በረጅም ጊዜ ስብ ሲቀንስ አልታየም ብሎ። ምክሩ ቀድሞውኑ ስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፣ ደግሞ "ሁኔታን ያገናዘበ" ብሎ ነው ያስቀመጠው እንጂ መርዝ ነው አላለም። እኔ በበኩሌ ለማታ ጣፋጭ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ብትጠቀሚ 21 ካሎሪ ነው፣ ለሱ ብለሽ ኬሚካል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የሻይና የማኪያቶ ስኳር ነው ይልቅ የሚያጠቃን፣ በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስታስቡት ወደ 190 ካሎሪ ነው፣ ማንም ምግብ ብሎ አይቆጥረውም። ሶርቢቶልና ማልቲቶል ያለበት "ስኳር የለውም" የተባለ ከረሜላ ግን ካበዛችሁ ሆድ ያስሮጣል፣ ታክሲ ውስጥ አትሞክሩት።

ብረት_ገፊ፦
ኬክ ቤት ለሚወድ ሰውስ የለም? እኔ ሚሌፎሊ ነው የሚገድለኝ

ኩሽና_ነኝ፦
ሚሌፎሊን በዳይት የሚያድነው የለም፣ በወር አንዴ ብላውና ተወው። ክሬም ካራሜል ግን ይድናል፣ እሱ መጀመሪያውኑ ወተትና እንቁላል ነው። ግማሽ ሊትር ስኪም ወተት ውስጥ 30 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት (ኒዶ አይደለም፣ ኒዶ ሙሉ ቅባት ነው) ትበጠብጣለህ፣ 3 ሙሉ እንቁላልና የ2 እንቁላል ነጭ፣ ስኳር ለካራሜሉና ለውስጡ ተደምሮ 50 ግራም፣ ቫኒላ ወይ የብርቱካን ልጣጭ። አጥልለህ አራት ኩባያ ላይ፣ ትሪ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርገህ 150 ዲግሪ ላይ መሐሉ ትንሽ ሲርገበገብ ታወጣዋለህ። አንዱ 180 ካሎሪ፣ 13 ግራም ፕሮቲን።

የማታ_ሺፍት፦
እሺ እኔ አይቡ ላይ ወስኛለሁ፣ ለሳምንቱ አንዴ ሠርቼ ማስቀመጥ ግን እፈልጋለሁ፣ በየማታው ብሌንደር ማስነሳት አልችልም ልጆቹ አሉ። የሚጋገር አለው?

ኩሽና_ነኝ፦
አለው። 400 ግራም አይብ፣ 100 ግራም የግሪክ እርጎ፣ 2 እንቁላል፣ 40 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቫኒላ፣ አንድ ላይ ብሌንደር። ወረቀት ያነጠፍሽበት ትንሽ ዕቃ ላይ ገልብጠሽ 160 ዲግሪ ላይ 35 ደቂቃ ገደማ፣ አጥፍተሽ እዛው ይቀዝቀዝ አለዚያ ይሰነጠቃል። ስድስት ቦታ ስትቆርጪው አንዱ 125 ካሎሪ አካባቢ፣ 13 ግራም ፕሮቲን። ሁለት ብትበዪም 250 ነው። ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን በደንብ ይቆያል።

ከሪያድ፦
ኦቨን ለሌለውስ?

ኩሽና_ነኝ፦
በድስት። ዕቃውን በፎይል ሸፍኚው፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ከሥር ሰሐን ገልብጠሽ አስቀምጪበት፣ ውሃ እስከ ግማሹ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ በጣም በትንሽ እሳት 40 ደቂቃ። ላዩ አይጠቁርም፣ እንደ ክሬም ካራሜል ለስላሳ ነው የሚሆነው፣ እኔ እንደውም መብራት ሲጠፋ በከሰል የምሠራው እንደዚህ ነው። አይብ ካጣሽ ላባኑን በሻሽ አንጠልጥለሽ አሳድሪው፣ ውሃው ወርዶ የሚቀረውን ተጠቀሚ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት፦
የማታ ሺፍት፣ አይቡን ከሐበሻ ሱቅ ከገዛሽ መጀመሪያ ቅመሺው። አንዳንዱ ጨው አለበት፣ ሱቅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን የቆየ ደግሞ ይኮመጥጣል፣ ስኳር አይሸፍነውም። አዲስ የሚገባላቸውን ቀን ደውለሽ ጠይቂ።